እመት ፋይል ሰርቨር ክፍል ስትገባ

እኔ ሰው ማስተማር አልወድም። ይኼን ቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ኮምፒውተር ስጠብቅ የኖርኩት ሰው ጠልቼ አይደለም፤ ማሽን ስትቆጣው ስለማያኮርፍ ነው። ጡረታ ልወጣ ሦስት ወር ሲቀረኝ ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠርቶኝ «ጋሼ፣ የሚተካዎትን ሰው አግኝተናል» ሲለኝ፣ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ጎረምሳ ነበር የጠበቅኩት። ዞር ብዬ ሳይ በሩ ላይ የቆመችው የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ናት።

«እሷ?» አልኩ፣ እዚያው እሷ ፊት። አፌ ክዳን የለውም፤ ባለቤቴም ዘወትር የምትለኝ ይኼንኑ ነው።

ሴትዮዋ አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። ሃያ ሁለቱን ዓመት ምድር ቤት ባለው መዝገብ ቤት የሕመምተኛ ካርድ ስታወጣና ስትመልስ ነው ያሳለፈችው። ቀጠን ያለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል፣ ስትራመድ ኮቴዋ የማይሰማ ሴት ናት። ሠራተኛው ሁሉ «እመት ፋይል» ይላታል፤ ስትጠራበት ትስቃለች እንጂ አትቆጣም። እኔን «ጋሼ ሰርቨር» ይሉኛል፤ እኔ እቆጣለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በወረቀት መጻፍ ካቆምን ዓመት አልፎናል። አዲስ ሕመምተኛ የሚመዘገበው በቀጥታ ሰርቨሩ ውስጥ ነው፤ የድሮዎቹም ካርዶች አንድ በአንድ ተተይበው ገብተዋል። መዝገብ ቤቱ ሊዘጋ ነው። እዚያ ከነበሩት አራት ሰዎች ሁለቱ ጡረታ ወጡ፣ አንዱ መድኃኒት መጋዘን ገባ፣ እሷ ብቻ ቀረች። ሥራ አስኪያጁ እሷን አስወጥቶ በሩን ዘጋና እቅጩን ነገረኝ።

«ሌላ ቦታ የለኝም ጋሼ። በሦስት ወር ውስጥ ብቻዋን መሥራት ትችላለች ብለው ከፈረሙላት ቦታው የእሷ ነው። ካልፈረሙ ግን...» አለና እጁን ዘርግቶ ተወው። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አንድ ልጇ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ናት። ይኼን እሱ አልነገረኝም፤ ሆስፒታል ውስጥ የማይታወቅ ነገር የለም።

«ኧረ በሕግ!» እያልኩ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። የሰማች ይመስለኛል።

ሰርቨሩ ያለው ደረጃው ሥር ነው። ድሮ የአንሶላ ማስቀመጫ የነበረች ጠባብ ክፍል ናት፤ በሯ አጭር ስለሆነ የማያጎነብሰውን ሰው ግንባሩን ትመታዋለች። ውስጧ አንድ ኤሲ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ትርፍ ኮምፒውተር፣ ከብረት መደርደሪያው ላይ ደግሞ ዋናው ሰርቨር ከነሰማያዊ ኬብሎቹ። እመት ፋይል ጎንበስ ብላ ገባችና መነጽሯን አድርጋ ጥቁሩን ሣጥን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ይኼ ነው?»

«ይኼ ነው።»

«ሰባት ክፍል ሙሉ ካርድ የበላው ይኼ ነው?» ጣውንቷን የምታይ ሴት ነበር የምትመስለው። ሳልወድ በግድ ሳቅኩ።

ከዚያ ከቦርሳዋ ያን የመዝገብ ቤቱን ጠንካራ ሽፋን ያለውን ትልቅ መዝገብ አወጣችና፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ በማስመሪያ ዓምድ ታሰምር ጀመር። ቀን፣ ሰዓት፣ የተሠራው ሥራ፣ ምክንያቱ፣ የሠራው ሰው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የምንሠራውን ልጽፍ ነዋ።»

«እኔ ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ነው የጻፍኩት» ብዬ ግንባሬን ነካሁ።

«እሱን ጡረታ ሲወጡ ይዘውት ነው የሚሄዱት ጋሼ» አለች፣ ቀና ሳትል።

የዕለት ሥራው ከውጭ ለሚያየው የረቀቀ ይመስላል እንጂ እንደ ቤት ሥራ ነው፤ ሲሠራ አይታይም፣ ሳይሠራ ሲቀር ነው የሚታየው። ጠዋት ሁለት ሰዓት በሩን ከፍተህ መጀመሪያ የግድግዳውን ቴርሞሜትር ታያለህ፤ ክፍሉ ከሞቀ ሌላውን ሁሉ ትተህ ወደ ኤሲው ነው። ከዚያ መብራቶቹን፤ አረንጓዴ ከሆኑ እሰየው፣ ብርቱካናማ ካለ ጉድ ፈላ። ቀጥሎ ዲስኩ ላይ ስንት ቦታ እንደቀረ፣ ቀጥሎ ማሽኑ ሌሊት የጻፋቸውን መልእክቶች ማንበብ፣ ቀጥሎ ባክአፑ መጠናቀቁን ማየት። ባክአፕ የምለው ቅጂውን ነው፤ አንድ ትንሽ ፕሮግራም በየሌሊቱ የሕመምተኞቹን ፋይል በሙሉ ገልብጦ ልብስ ማጠቢያው ሕንፃ ውስጥ ወዳለ ሌላ ማሽን ይወስደዋል። ሰርቨሩ ቢቃጠል እንኳ ቅጂው አለ ማለት ነው። ይኼ ሁሉ ካለቀ በኋላ የሰው ተራ ይደርሳል፤ ስልኩ ይጮኻል።

በየሰኞው መጀመሪያ የሚደውሉት ቀዶ ሐኪሙ ናቸው። ቅዳሜና እሑድ አልፎ ሰኞ ሲመጣ ፓስወርዳቸው ከጭንቅላታቸው ጠፍቶ ይገኛል።

«የሰው አንጀት ከፍቶ መልሶ የሚሰፋ ሰው ስምንት ፊደል መያዝ ያቅተዋል?» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

«አንጀቱን መስፋት ከሚረሱ ፓስወርዱን ቢረሱ አይሻልም?» አለችኝ እመት ፋይል። ሴትዮዋ ነገረኛ መሆኗን ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ቀርፋፋ ነበረች፤ አልዋሽም። በሁለት ጣት ነው የምትተይበው። አንድ ትእዛዝ ለመጻፍ መጀመሪያ በመዝገቧ ላይ ትጽፈዋለች፣ ታነበዋለች፣ ከዚያ ነው ወደ ኪቦርዱ የምትሄደው። እኔ ኋላዋ ቆሜ ቆሽቴ ያራል። «ኧረ በይው!» እላለሁ። «እሺ ጋሼ» ትላለች፤ አትቸኩልም። ልጇ ደግሞ ቤት ውስጥ «እማዬ፣ ስልክሽን የማስተካክልልሽ እኔ፣ ሰርቨር የምትጠብቂው አንቺ!» እያለች እንደምትስቅባት ራሷ ነው የነገረችኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ከሆስፒታሉ የለቀቁ ሠራተኞችን ዝርዝር ሰጥቻት ሲስተሙ ላይ መግቢያቸውን እንድትዘጋ አዘዝኳት። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ሴትዮዋ ዝርዝሩን ይዛ ጠፋች። ሁለት ቀን ሙሉ በየክፍሉ እየዞረች «እገሌ በእርግጥ ሄዷል? እገሊትስ?» ስትል ከረመች። ልጮህባት አፌን ስከፍት ወረቀቱን ዘረጋችልኝ። ከለቀቁ አራት ዓመት የሆናቸው አንድ ሐኪም መግቢያቸው አሁንም ክፍት ነው፤ ዝርዝሩ ላይ ግን የሉም። ደግሞ ለቀቀች የተባለች አንዲት ነርስ አልለቀቀችም፤ ወልዳ ነው ቤቷ ያለችው። ደስ አላለኝም፤ እውነቱን ልናገርና፣ ነደደኝ። የአራት ዓመቱ ጥፋት የማን ነበርና?

የእሷም ጥፋት መጣ። በአምስተኛው ሳምንት ስክሪኑ «ማሻሻያው እንዲጠናቀቅ ማሽኑን አጥፍተው ያስነሡ» ሲላት እሺ ብላ አስነሣችዋ! ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ምዝገባው መስኮት ፊት ሰው እንደ አሸዋ ፈስሶ ሳለ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ሆስፒታሉ ባለበት ቆመ። እኔ የጮህኩትን ጩኸት እስከ ላቦራቶሪ ድረስ ሰምተውታል። «ማሽኑ ገደል ግቢ ቢልሽ ትገቢያለሽ?» ሁሉ ብያታለሁ። ወጣች። ልብስ ማጠቢያው ጓሮ አልቅሳ፣ ፊቷን ታጥባ ተመለሰችና መዝገቧን ከፍታ ጻፈች። ስትወጣ አነበብኩት፦ «ሰርቨሩን ያለ ሰዓቱ አጥፍቼ አስነሣሁ። ሥራ አሥራ ሁለት ደቂቃ ቆመ። ምክንያቱ፦ ስክሪኑ ስላለኝ ብቻ ነው፤ ሰው አልጠየቅኩም። የሠራው ሰው፦ እኔ።» ከሥሩ ፊርማዋ አለ። አንጀቴን በላችው። ግን ይቅርታ አልጠየቅኳትም፤ ለእኔ ይቅርታ ከጥርስ ሕመም ይብሳል።

ዘጠነኛው ሳምንት ላይ ነው ነገሩ የመጣው። ረቡዕ ነበር፤ ጠዋት የተለመደውን እያዳረስን ነው። እኔ በየማለዳው እንደማደርገው የባክአፑን መልእክት ከፍቼ «ተጠናቋል» የሚለውን አይቼ፣ በወረቀቴ ላይ የራይት ምልክት አድርጌ ዘጋሁ። እሷ የራይት ምልክቱን እያየች ቆየች።

«ጋሼ፣ ልጠይቅዎት።»

«ጠይቂ።»

«እኛ መዝገብ ቤት ረቡዕ ረቡዕ የምናደርጋት ነገር ነበረች። ከመዝገቡ ላይ እንዲያው ዓይናችንን ጨፍነን አምስት ቁጥር እንመርጥና መደርደሪያው ላይ ሄደን እንፈልጋለን። መዝገቡ አለ ይላል፤ ስንሄድ ግን የለም። ስንት ጊዜ ደርሶብናል መሰለዎት።»

«እና?»

«ይኼን ቅጂ አውጥተነው እናውቃለን?»

«ምን ያወጣዋል? ተጠናቋል ይላልኮ!»

«እሱማ ይላል። ከፍተን አይተነው እናውቃለን ወይ ነው የምለው።»

ደሜ ፈላ። ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቼ አሁን ካርድ ስታመላልስ የኖረች ሴት ልትመረምረኝ! «ትርፍ ኮምፒውተሩ ያው፤ እንደ ልብሽ አውጪ!» አልኩና ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ለነገሩ እንዴት እንደሚወጣ አስተምሬያት ነበር፤ በወረቀት ላይ። በእጅ ሠርተነው አናውቅም። እኔም ብሆን ለመጨረሻ ጊዜ የሞከርኩት መቼ እንደነበር አላስታውስም።

ስመለስ ወንበሩ ላይ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ጋሼ፣ የማክሰኞ ሌሊቱ ፋይል ባዶ ነው።»

«ተሳስተሻል።»

«ይሆናል። እስቲ እርስዎ ይዩት።»

አየሁት። ባዶ። የሰኞውን ከፈትኩ፤ ባዶ። የእሑዱን፣ የቅዳሜውን። ሠላሳ ቀን ያለፈው ቅጂ በራሱ እንዲጠፋ ስላደረግኩት ያሉት ሠላሳ ፋይሎች ናቸው፤ ሠላሳውም ስምና ቀን አላቸው፣ ውስጣቸው ግን ምንም የለም። ወንበሩን ለቀቀችልኝና ተቀመጥኩ። ቅጂውን የሚሠራው ፕሮግራም የጻፋቸውን መልእክቶች ወደ ኋላ እያነበብኩ ሄድኩ፤ በየሌሊቱ አንድ ዓይነት መስመር፦ ፓስወርዱ ልክ አይደለም፣ ፓስወርዱ ልክ አይደለም። ከሥሩ ደግሞ ያ የተረገመ «ተጠናቋል»። ሥራውን መጨረሱን እንጂ ምን ይዞ እንደተመለሰ አይናገርማ!

የጀመረበትን ቀን ሳገኝ ክው አልኩ። ከአሥራ አንድ ወር በፊት የሕመምተኞች ፋይል ያለበትን የዳታቤዙን ፓስወርድ የቀየርኩት እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ። ለደኅንነት በየጊዜው መቀየር ያለበት ነው፤ ቀየርኩና ለሚመለከተው ሁሉ አዲሱን ሰጠሁ። ሌሊት የሚመጣውን ፕሮግራም ብቻ ረሳሁት። የቤቴን ቁልፍ ቀይሬ ለሠራተኛዋ ሳልሰጥ፣ እሷ በየቀኑ መጥታ በር አንኳኩታ ስትመለስ፣ እኔ ቤቱ ጸድቷል ብዬ ምልክት ሳደርግ ኖርኩ።

አሥራ አንድ ወር። ወረቀት የለ፣ ቅጂ የለ። የዚያን ሁሉ ጊዜ ሕመምተኛ የያዘው አንድ ያረጀ ዲስክ ብቻ ነው፤ ያም ዲስክ ማርጀቱን ካስጠነቀቀ ቆይቷል፣ አዲስ ጠይቀን እስኪመጣ እየጠበቅን ነበር። ያን ዕለት ቢሞት ኖሮ ሁሉ ነገር አብሮት ይሄድ ነበር።

ቀና ስል እመት ፋይል መዝገቧን ጨርሳዋለች። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ «ሠላሳው ቅጂ ባዶ ሆኖ ተገኘ» የሚለውን፣ የጀመረበትንም ቀን ጽፋለች። የመጨረሻው ዓምድ፣ «የሠራው ሰው» የሚለው፣ አልተሞላም።

«ይኼን ገጽ አውጪው» አልኳት።

«ምን?»

«ቅደጂው። እኔ አስተካክለዋለሁ፤ ያወቀ የለ፣ የጠፋ የለ።»

«ጋሼ፣ እኔ ከመዝገብ ላይ ገጽ ቀድጄ አላውቅም።»

«ዛሬ ትቀድጃለሻ!»

ያን ጊዜ ያልኩትን እስከ ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል። «የማንን ፊርማ እንደምትጠብቂ የረሳሽ ይመስለኛል» አልኳት። አዎ፤ እኔ ነኝ ያልኩት። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

መነጽሯን አውልቃ ፊት ለፊት አየችኝ።

«አልረሳሁም። ልጄ ሦስተኛ ዓመት ናት፤ እንዴት እረሳለሁ? ማታ ማታ እሱን እያሰብኩ ነው የምተኛው» አለች። «ገጹን ግን አልቀድድም። የእርስዎንም ስም እኔ አልጽፍም። ቦታውን ትቼልዎታለሁ። ቢፈርሙልኝም ባይፈርሙልኝም እዚያው ነው የሚሆነው።»

ጃኬቴን አንስቼ ወጣሁ። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፤ የሥራ ሰዓት አላለቀም፣ ባክአፑም አልተስተካከለም። ጥዬው ሄድኩ። ፓስወርዱን ለፕሮግራሙ መስጠት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር፤ ግን እልህ ዓይኔን ጋርዶት ነበር። የማረጋገጫው ቅጽ ኪሴ ውስጥ ነው፤ «ትችላለች» እና «አትችልም» የሚሉ ሁለት ሣጥኖች አሉት፣ ከሥራቸው የእኔ ፊርማ ቦታ። መንገዱን ሁሉ «አትችልም» ብል ማን ይጠይቀኛል እያልኩ ነው የሄድኩት። በሁለት ጣት የምትተይብ፣ ሆስፒታሉን አሥራ ሁለት ደቂቃ ያቆመች ሴት! ማንም ያምነኛል። እሷ ከሄደች ደግሞ መዝገቧን ማን ያነበዋል?

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። ስገባ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ የሰው ኮት ትሰፋለች።

«ምን ሆነህ ነው ፊትህ እንዲህ የጠቆረው?»

ነገርኳት። ሴትዮዋ ድንበር ማለፏን፣ አለመከበሬን፣ ዕድሜዬን፣ ቅጹ ላይ «አትችልም» ልል ማሰቤን። የባዶውን ፋይል ነገር መሐል ላይ ቶሎ ብዬ አለፍኩት። ባለቤቴ ግን ከእኔ ጋር ሠላሳ ሦስት ዓመት ኖራለች፤ ቶሎ ብዬ የማልፈውን ነው የምትሰማው።

«ቆይ፤ እና ፋይሉ ባዶ ነው?»

«ጉዳዩ እሱ አይደለም!»

«ሴትዮዋ እውነቷን ነዋ!»

«እሷ ማን ሆና ነው...»

«እና እሷን ልታስባርር ነው። ልጅ የምታስተምር ባልቴት።» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ራት ሲቀርብ ሳህኗን አንስታ ወደ ጓዳ አመራች። «አንተ ብላ። እኔ እንዲህ ካለ ሰው ጋር ዛሬ አልበላም» አለችኝ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ስንጣላ ስንታረቅ፣ ሳህኗን ይዛ ስትሄድብኝ የመጀመሪያዋ ነው። ብቻዬን ስቀመጥ ያ መነጽሯን አውልቃ ያየችኝ አስተያየት እየመጣ ፊቴ ይደቀናል።

በነጋታው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ደረጃው ሥር ስደርስ በሩ ክፍት ነው። እመት ፋይል ቀድማኛለች። ትርፍ ኮምፒውተሩ በርቷል።

«ደህና አደሩ ጋሼ» አለች። ምንም እንዳልተፈጠረ አይደለም፤ ፊቷ እንቅልፍ እንዳልነበረው ያስታውቃል። «ትናንት እርስዎ ከሄዱ በኋላ፣ ያስጻፉኝን እያነበብኩ አዲሱን ፓስወርድ ለፕሮግራሙ ሰጠሁት። ከዚያ ቅጂውን በእጄ አስነሣሁት። ሁለት ሰዓት ፈጀ። ከዚያ ወደዚህ ኮምፒውተር አወጣሁት፤ ዓይኔን ጨፍኜ አምስት ቁጥር መርጬ ፈለግኩ።»

«አሉ?»

«አምስቱም አሉ።»

እኔ እልሄን ይዤ ኮት ሲሰፋ ሳይ፣ ሊያባርራት የሚችለውን ሰው ሥራ እሷ ስትሠራ አመሸች። «ለምን ትናንትናውኑ ለሥራ አስኪያጁ አልነገርሽም?» አልኳት።

«መጀመሪያ ፋይሉ ይዳን ብዬ ነዋ። ጠቡስ የት ይሄዳል?»

መዝገቡን ሳብኩና ያንን ገጽ ገለጥኩ። ሳትጠይቀኝ እስክሪብቶዋን አቀበለችኝ። «የሠራው ሰው» በሚለው ሥር ሙሉ ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ከጎኑም ጨመርኩበት፦ «ፓስወርድ ቀይሬ ለባክአፑ ሳልሰጥ ቀረሁ። አሥራ አንድ ወር ሳላጣራ የራይት ምልክት አደረግኩ። ይህ ገጽ እንዲቀደድም ጠይቄያለሁ።» የመጨረሻዋን ስታነብ «ይቺስ ትቅር ጋሼ» አለችኝ። «ቅደጂዋ እንግዲህ!» አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለታችንም አብረን ሳቅን፤ እሷ ስትስቅ እንባዋ መጣ። ይቅርታ ያልኳት ያኔ ነው። ጥርስ ከመነቀል አይብስም።

መዝገቡን ይዤ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ወጣሁ። አነበበና በሩ መዘጋቱን አየ። «ጋሼ፣ አሁን ተስተካክሏል አይደል? እባክዎ ይኼ ነገር እንዳይወራ» አለኝ። የመሸኛ የምስክር ወረቀቴ ጠረጴዛው ላይ ታትሞ ነበር፤ «ያለ እንከን ያገለገሉ» ይላል። «እቺን ቃል ያውጧት» አልኩት። «ታትሟልኮ!» «እንደገና ያትሙት።» ከዚያ ቅጹን ከኪሴ አወጣሁና እዚያው ፊቱ «ትችላለች» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ከጎኑ «ከእኔ ትሻላለች» ብዬ ጻፍኩበት። «ለዚህኮ ቦታ የለውም ቅጹ» አለኝ። ፈርሜ ወጣሁ።

ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ወር ሊሆነኝ ሲል ለደም ግፊቴ ክትትል ሄድኩ። ምዝገባው መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ስታየኝ «ውይ ጋሼ! ሰኞ ዕለት ሰርቨሩ ሞቶብን ነበርኮ!» አለችኝ። ያ ያረጀ ዲስክ፣ አዲሱ ሳይደርስለት፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጸጥ ብሏል። እመት ፋይል የእሑድ ሌሊቱን ቅጂ በትርፍ ኮምፒውተሩ ላይ አውጥታ ቀኑ ሰባት ሰዓት ሳይሆን ሥራውን መልሳ አስጀምራዋለች። የዚያን ጠዋት የመጡትን ሕመምተኞች ደግሞ ራሷ በየክፍሉ ዞራ በወረቀት ሰብስባ አስገብታለች።

ማንም አልደወለልኝም! ደስታውም ቅሬታውም አንድ ላይ መጣብኝ። ደረጃው ሥር ሄጄ አንኳኳሁ።

«እንዴት አትደውይልኝም?»

«ሦስት ጊዜ ስልኩን አንስቻለሁ ጋሼ» አለች፤ ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ነው። «ቁጥሩን ሳልጨርስ መልሼ አስቀመጥኩት። በኋላማ ያየሁት ቅጂ ነው፤ ለምን እፈራለሁ ብዬ ጀመርኩት። አንድ አፍታ ኮሪደሩ ላይ ይቀመጡልኝ፤ ይቺን ልጨርስና እመጣለሁ።»

ወጥቼ ከመስኮቱ ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ሕፃን የታቀፈች ወጣት እናት አለች። ከመስኮቱ ውስጥ ያለችው ነርስ ስትጠራት ተነሥታ መስኮቱ ጋ ቆመች።

«ወረቀቱን ይዘሻል?»

«ውይ፣ ጠፍቶብኛል! ያን የማይስማማትን መድኃኒት ስም እንኳ አላስታውስም።»

«ችግር የለም፣ እዚህ አለ» አለች ነርሷ፣ ስክሪኗን እያየች። «ስትወለድ የልቧ ነገር ታይቷል። በሁለተኛ ወሯ ያ መድኃኒት ሲሰጣት ጉሮሮዋ አብጦ ለትንሽ ተርፋለች፤ ከእንግዲህ በምንም ዓይነት እንዳይሰጣት ተብሎ ተጽፏል። በይ ግቢ፣ ሐኪሙ አይተውታል።»

ሕፃኗ በእናቷ ትከሻ ላይ ሆና ታየኛለች።

«ስንት ወሯ ነው?» አልኩ።

«ስምንት» አለችኝ እናቷ፣ ፈገግ ብላ።

ስምንት። እኔ «ቅደጂው» ባልኩበት ቀን አራት ወሯ ነበር ማለት ነው። የእኔ ባዶ አሥራ አንድ ወር ዕድሜዋን በሙሉ ውጦ ይተርፍ ነበር፤ ልቧም፣ ያበጠው ጉሮሮዋም ያሉት ያ ዲስክ ውስጥ ብቻ ነበር። እናቷ ይዛት ገባች። እኔ ጭንቅላቴን ይዤ እዚያ አግዳሚ ላይ እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ ሰው አየኝ አላየኝም አላልኩም።

ተራዬ ደርሶ ስገባ ውስጥ ያለችው ነርስ ግፊቴን ለካችና ደነገጠች። «ጋሼ፣ መድኃኒትዎን አልወሰዱም እንዴ?» አለችኝ። ወስጃለሁ አልኳት።